የእቴጌ ምንትዋብ የቤት ዕቃ የት ገባ?

የቀሐ ልጅ (ክሩን የከፈተ)
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡15

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ የእህቴን ልጅ ይዤ ቁስቋም፣ የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ወዳለበት፣ ወጣሁ። ስምንት ዓመቷ ነው። ፍርስራሹን ዞር ዞር ብላ አየች፣ በመስኮቱ በኩል ሰማዩን አየች፣ ከዚያ «አጎቴ፣ ቤት ከሆነ ዕቃው የታለ?» አለችኝ።

መልስ አጣሁላት። ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ነው ያደግሁት። ዘመድ ከአዲስ አበባ በመጣ፣ ጓደኛ ከውጭ በገባ ቁጥር ግቢውንም ቁስቋምንም የማዞረው እኔ ነኝ። የግንቡን ቁመት፣ ዘመኑን፣ ያሠራውን ንጉሥ እዘረዝራለሁ። አልጋው የት ሄደ፣ መጋረጃው የት ወደቀ፣ ጽዋውስ ማን እጅ ገባ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ቤት እንደገባሁ ያሉኝን መጻሕፍት አውርጄ ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ፣ የጎደለውን ሙሉልኝ። እንዳይምታታብን ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ሰው ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው፣ የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ። ባላቸው አፄ በካፋ በ1730 ሲያርፉ ልጃቸው እያሱ ገና ትንሽ ልጅ ስለነበር እሳቸውም ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር ነገሡ። ልጁ አድጎም ቢሆን የቤቱ ራስ እሳቸው እንደሆኑ ቆዩ። ቁስቋምን ከከተማው ወጣ ብለው፣ ከተራራው ጎን ያሠሩት ለራሳቸው ነው። ስሙንም እመቤታችን በስደቷ ጊዜ ካረፈችበት ከግብጹ የቁስቋም ተራራ አመጡት።

አሁን ወደ ዕቃው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 ነው። እቴጌይቱ በዚያን ጊዜ አርጅተው፣ ልጃቸውንም የልጅ ልጃቸውንም ቀብረው ቁስቋም ተቀምጠዋል። ብሩስ የፈንጣጣ ሕሙማንን ለማከም እዚያው ገባ፣ በዓይኑ ያየውንም ጻፈ። የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በአገሩ ካሉት ሁሉ ባለጸጋ ነው ይላል። ለዑደት የሚወጡ ትልልቅ የወርቅ መስቀሎች፣ ከብር የተሠሩ ነጋሪቶች፣ በወርቅ የተለበጠ መንበር። ሁሉም የእቴጌይቱ ስጦታ።

እኔን ግን ያስቀረኝ ሌላ ነገር ነው። በአፄ እያሱ ዘመን ከሰምርኔስ (ከዛሬዋ የቱርክ ኢዝሚር) ተሰደው የመጡ የግሪክ አንጥረኞች ጎንደር ውስጥ ነበሩ። ከወርቅና ከብር ክር ጌጥ በመሥራት የሚታወቁ ሰዎች ናቸው። ለንጉሡ አንድ አዳራሽ ማስጌጥ ጀመሩ። የግድግዳው ግርጌ በዝሆን ጥርስ ተለበጠ። ከዝሆን ጥርሱ በላይ ከቬኒስ የመጣ መስታወት፣ በወርቅ በተቀባ የመዳብ ክፈፍ እየተያያዘ በረድፍ ተሰቀለ። ጣሪያው ደግሞ የተሰነጠቀ ሸምበቆ ነው፣ ቀለም ተቀብቶ በሐረግ በሐረግ የተገጠመ።

እስቲ አስቡት። ያ መስታወት ባሕር ተሻግሮ፣ በረሃ አቋርጦ፣ የእኛን ገደል ወጥቶ ሳይሰበር ጎንደር ደረሰ። ሻማ ሲበራ ያ አዳራሽ ምን ይመስል ይሆን?

አዳራሹ ግን አላለቀም። ብሩስ እንደሚለው መስታወት አነሰ። ንጉሡም በ1755 አረፉ። ከዚያ በኋላ ጥበቡን የሚፈልግ ጠፋ፤ ባለሙያዎቹ በጥቂት ገንዘብ ኮርቻ፣ ልጓምና ጎራዴ ወደ ማስጌጥ ዞሩ። መስታወቱ ገሚሱ በራሱ ጊዜ እየወደቀ ተሰበረ። የመጨረሻው የደቀቀው ከሠርባኩሳ ጦርነት በኋላ፣ በ1771፣ ብሩስ ራሱ ቆሞ እያየ ነው።

ይሄን ሳነብ ደነገጥኩ። ምክንያቱም ለእህቴ ልጅ «እንግሊዝ ወሰደው» ብዬ መልሼላት ነበር። መስታወቱ ሲደቅ ግን የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሊዘርፍ ገና 97 ዓመት ይቀረዋል።


ደላንታ
እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡40

ወንድሜ የቀሐ ልጅ፣ ድካምህን አከብራለሁ። ይህን ጽሑፍ ግን ነገ አንዱ የፈረንጅ ሙዚየም ጠበቃ አንስቶ «ራሳቸው ያጠፉት ነው» ይልበታል። ስለዚህ ሌላውንም ወገን አብረን እንጻፈው።

የእኔ አያቶች ደላንታ ሜዳ ዳር ነው የኖሩት። ኤፕሪል 20 እና 21 ቀን 1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈውን በዚያ ሜዳ ላይ ዘርግቶ ለራሱ መኮንኖች በሐራጅ ሸጠ። ዕቃው ከመቅደላ የወረደው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ነው። ከሽያጩ 5,000 ፓውንድ ያህል ተገኝቶ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስ ደግሞ ገንዘብ ተሰጥቶት መጥቶ ነበርና ዋናው ገዢ እሱ ሆነ። ከአንድ ወታደር እጅ አንድ የወርቅ ጽዋና አንድ ዘውድ በ4 ፓውንድ ገዛ። በ4 ፓውንድ!

ያ ጽዋ የማን እንደሆነ ታውቃለህ? ላዩ ላይ በግዕዝ ተጽፎበታል፤ ንጉሥ እያሱና ንግሥት ወለተ ጊዮርጊስ ለቁስቋም የሰጡት ነው ይላል፣ ለሥጋና ለነፍስ መድኃኒት እንዲሆናቸው። የአንተው ምንትዋብ ነው። ዛሬ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀምጧል። እና ለእህትህ ልጅ የነገርካት ውሸት አልነበረም።


የቀሐ ልጅ
እሁድ፣ ከምሽቱ 4፡05

ደላንታ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ጽዋውን አውቅ ነበር፤ የቁስቋም መሆኑ እላዩ ላይ መጻፉን ግን አላውቅም ነበር። ዘረፋውን አልካድኩም፣ ላሳንሰውም አልፈልግም። የእኔ ነገር አንድ ናት። እያንዳንዱ ዕቃ የጠፋበት የራሱ መንገድ አለው፣ መንገዱን ለይተን ካላወቅን ዕቃውንም አናውቀውም። መስታወቱን ከለንደን ብንጠይቅ አናገኘውም። ጽዋውን ደግሞ ጎንደር መሬት ውስጥ ብንቆፍር አናገኘውም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ ግን፣ እንዳይከፋህ። የቁስቋም ጽዋ መቅደላ ምን ሊሠራ ሄደ?


ብራና ፋቂ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ጥያቄውን ደላንታ ከሚመልሰው እኔ ልመልስ፤ የመቅደላ የብራና መጻሕፍት የትምህርቴ ርእስ ናቸው።

ያመጡት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ጎንደርን በ1866 መጨረሻ ላይ ሲዘርፉና ሲያቃጥሉ የአብያተ ክርስቲያናቱን ንዋየ ቅድሳት፣ መጻሕፍትና ከበሮ ሳይቀር ወሰዱ፤ ከጥቂቶቹ በቀር አብያተ ክርስቲያናቱ ጋዩ። የወሰዱትን ያከማቹት መቅደላ ላይ ለሚያሠሩት መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ነው። ሐሳባቸው ትልቅ የመጻሕፍት ቤት እንዲኖር ነበር። ጎንደሬው ግን ያን ዓመት እንዴት እንዳስታወሰው አያቶቻችሁን ጠይቁ።

ስለዚህ ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ካሉት ወደ 350 የሚጠጉ የመቅደላ ብራናዎች ብዙዎቹ የጎንደር እጅ ናቸው። በምንትዋብ ዘመን የተጻፈውን ብራና ሳየው ወዲያው ነው የምለየው። ፊደሉ ጎላ ያለና የተረጋጋ ነው፣ ሥዕሉ ላይ ቀለሙ ከደማቅ ወደ ጥላ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ የቅዱሳኑ ፊት ክብ ብሎ ሥጋ ይለብሳል። ልብሱ ላይ ያለው የአበባ ጌጥ ከሕንድ የሚመጣውን ጨርቅ ይመስላል። ሊቃውንቱ ሁለተኛው የጎንደር ስልት ይሉታል። ያ ስልት ያለ እሳቸው ቤት ባልኖረ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሠዓሊው የሚበላው፣ ጸሐፊው ብራና የሚፍቀው እሳቸው በሰጡት ጉልት ነው።


ደላንታ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡00

እህቴ ብራና ፋቂ፣ እውነት ነው፣ አልክድም። ቴዎድሮስን ስለምወዳቸው ይህን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ ይጨንቀኛል። ሆኖም አንድ ልዩነት ይያዝልኝ። ከጎንደር ወደ መቅደላ የሄደው ዕቃ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው የሄደው፤ ሊቀደስበት፣ ሊነበብበት። ከመቅደላ ለንደን የሄደው ግን ሁለተኛ አልተቀደሰበትም።


ኔታንያ
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ሰላም ለሁላችሁ ከእስራኤል። ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ የሸምበቆው ጣሪያ ላይ ስደርስ ተነሣሁ።

የቀሐ ልጅ፣ ጣሪያውን ማን እንደሠራው አልጻፍክም። ብሩስ ጽፎታል፤ የቤተ እስራኤል ሥራ ነው ብሎ። ከሚታሰበው በላይ ደስ የሚል እንደነበርም ተናግሯል። አባቴ የወለቃ ሰው ነበር፣ አናጢና ግንበኛ። ጎንደር ግንብ ስር ባለፈ ቁጥር ድንጋዩን በእጁ መታ መታ አድርጎ «ይሄ የእኛ ሰው እጅ ነው» ይለን ነበር። ልጅ ሆነን ሲያጋንን ይመስለን ነበር።

ሌላም ልጨምር። እቴጌ ምንትዋብ ለብሩስ የነገሩት ነገር አለ። ያ ሰው አገሩን ጥሎ የመጣው የወንዝ ምንጭ ሊያይ ነው። እሳቸው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ወርቅና ዘውድ ይልቅ ኢየሩሳሌም ተወስደው፣ ከጌታ መቃብር ደጃፍ ቁጭ ብለው፣ ምጽዋት እየለመኑ ቢኖሩ እንደሚመርጡ ነገሩት። እኔ ኢየሩሳሌም በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ነው የምሄደው። ይሄን ካነበብኩ በኋላ በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል።


የቀሐ ልጅ
ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡10

ኔታንያ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ማንበቡን አንብቤው ነበር፤ ስጽፍ ግን የግሪኮቹን ስም አንሥቼ የአገሬን ሰው ዘለልኩ። እንዲህ እያልን ነው የባለሙያውን ስም ያጠፋነው። አባትህ እውነት ተናግሯል።


ጡረተኛው መምህር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡00

ልጆቼ፣ ደስ የሚል ክር ነው። አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፤ መስታወቱና ሥዕሉ የተያያዙበትን።

ቋረኛ እያሱ፣ የምንትዋብ ልጅ፣ ሲነግሡ የአያታቸው የታላቁ እያሱ ስም ነበረባቸው። እሳቸው ግን አደን፣ ግንብና የግንብ ጌጥ ወደዱ። ሰውም ማማት ጀመረ። ብሩስ እንደጻፈው «የትንሹ እያሱ ዘመቻዎች» የሚል የፌዝ ጽሑፍ በከተማው ይዞር ነበር። ከጎንደር ግቢ እስከ ቁስቋም የሚደረግ ዘመቻ ማለት ነው እንግዲህ። ንጉሡ ይህ አቃጠላቸው። በ1744 ጦር አስከትተው በዛሬዋ ሱዳን ወደነበረው የስናር መንግሥት ዘመቱ፣ ዲንደር ወንዝ አጠገብ ድል ሆኑ።

ንጉሥ ሲዘምት ኵርዓተ ርእሱ አብሮ ይዘምታል። ጌታ የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት ሥዕል ነው። ከፈረንጅ አገር የመጣ ነው፣ ነገር ግን ከቆየ ብዛት የእኛ ሆኗል። መኳንንቱ በፊቱ ይምሉ ነበር። ያ ሥዕል በዲንደር ተማረከ። በኋላ በብዙ ወርቅ ተዋጅቶ ጎንደር ሲመለስ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው።

እንግዲህ ይህንኑ ሥዕል ነው ሆምስ በመቅደላ ከቴዎድሮስ አልጋ ራስጌ ያገኘው። ሌላውን ለሙዚየሙ ሲገዛ ይህን ለራሱ አስቀረ፤ ለብዙ ዓመት ለማንም አልተናገረም። ከሞተ በኋላ በ1917 ለንደን በሐራጅ ተሸጠ፣ በ1950 እንደገና ተሸጦ ፖርቱጋል ገባ። ዛሬም በግለሰብ እጅ ነው። ስናሮች እንኳ በወርቅ መልሰውልን ነበር።


ጀማሪ አንባቢ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርኩ። አላዋቂነቴን ይቅር በሉኝና፣ ይሄ ብሩስ የሚባለው ሰው ይታመናል? ፈረንጆቹ ራሳቸው ውሸታም ይሉት ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።


ብራና ፋቂ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ጥሩ ጥያቄ ነው። ስለ ራሱ ጀግንነትና ስለ ዓባይ ሲጽፍ ያጋንናል፤ ከእሱ በፊት የግሽ ዓባይን ምንጭ ያዩትን ኢየሱሳውያን ሊያሳንስ ይሞክራል። ስለ ግድግዳና ስለ መስታወት ሲጽፍ ግን የሚያተርፈው ነገር የለም፤ የእኛም ታሪከ ነገሥት የእያሱን የግንብ ጌጥ አይክድም። እሱም ባዶ እጁን አልሄደም። ለአውሮፓ የጠፋውን የመጽሐፈ ሄኖክን 3 ቅጂዎች ይዞ ወጥቷል፤ አንዱ ለፓሪስ፣ አንዱ ለኦክስፎርድ ደረሰ። እሱ የዘረፈ አይደለም፣ እያስገለበጠና እየተሰጠው ነው የሰበሰበው። ይህም የቀሐ ልጅ ያለው ሌላው መንገድ ነው።


የደቅ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡45

ሁላችሁም የጠፋውን እየቆጠራችሁ ነው። ያልጠፋውን ልንገራችሁ።

ጣና ሐይቅ ውስጥ፣ ደቅ ደሴት ላይ፣ ናርጋ ሥላሴ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ምንትዋብ ያሠሩት። ከባሕር ዳር በጀልባ ሩቅ ስለሆነ ጦሩም ሐራጁም አልደረሰበትም። እኔ ዲያቆን ሆኜ አገልግያለሁ። መቅደሱ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች። ከእግሯ ሥር አንዲት ሴት በግንባሯ ተደፍታለች፤ እቴጌይቱ ናቸው።

የቀሐ ልጅ ስለ ዕቃ ነው የጠየቅኸው፤ እንግዲህ ልብሱን ተመልከት። ተደፍተው እንኳ ልብሳቸው አልተሰበሰበም፤ ሰፊ ነው፣ ተዘርግቷል፣ አበባው አንድ በአንድ ተሥሏል። ሠዓሊው ጨርቁን በዓይኑ አይቶታል፣ ምናልባትም በእጁ ነክቶታል። በዘመኑ ከባሕር ማዶ የመጣ ውድ ጨርቅ ነው። ያ ቀሚስ ድሮ አርጅቶ አልቋል፣ ምስጥ በልቶታል፣ ወይ ተቀዶ ለመጋረጃ ሆኗል። አበባው ግን ናርጋ ግድግዳ ላይ አለ። ልጅ ሆኜ ሻማ ሳበራ ጣቴን ዘርግቼ ልነካው ስል መሪጌታችን በመቋሚያ ጣቴን ነካ አድርገው «የንግሥት ልብስ በእጅ አይነካም» አሉኝ። ንግሥቲቱ የሞቱ ሰው አልመሰሉኝም ነበር።


የቀሐ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30

የደቅ ልጅ፣ ይሄን ጻፍክልኝና አለቀስኩ። እኔ ሃያ ጊዜ ቁስቋም ወጥቼ አንድ ጊዜ ናርጋ አልሄድኩም። ስም ሲወጣላቸው «ምን ትውብ!» ተብሎ ነው ይባላል። የመልካቸው ነገር ሲወራ ነው የምሰማው፤ የዓይናቸው ነገር፣ ማለትም ምን ዓይነት ጨርቅ፣ ምን ዓይነት ሥዕል፣ ምን ዓይነት ጽዋ መርጠው እንደሰበሰቡ የሚናገር አላጋጠመኝም።


ጀማሪ አንባቢ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡00

እና ከራሱ ከቁስቋም የተረፈ ምንም የለም ማለት ነው?


የቀሐ ልጅ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡50

ግንቡን በመጨረሻ ያጠፉት ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች ናቸው፣ በ1888። ከተማውን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ጋየ። አሁን የምናየው ጣሪያ የሌለው ቅጥር፣ ቀላ ያለው ድንጋይ ላይ የተቀረጹት መስቀሎችና ቅስቶች ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ተሠርቷል።

እቴጌይቱ ያረፉት በ1773 እዚሁ ነው። አሁን በአንዲት ትንሽ ቤት ውስጥ መስታወት ያለው ሣጥን አለ። አባ በሩን ከፍተው መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርጉ ሦስት አፅም ይታያል፤ የእሳቸው፣ የልጃቸው የእያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ። የእህቴ ልጅ ሣጥኑን ስታይ ፈርታ እጄን ያዘች፣ ትንሽ ቆይታ ጠጋ ብላ በመስታወቱ ላይ የራሷን ፊት አየች።

ከቬኒስ ከመጣው ውስጥ አንድ ስባሪ አልተረፈም። እሳቸው ላይ ያለው መስታወት ይሄ ብቻ ነው።


ለንደን ነዋሪ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ከሁለት ቀን ጀምሮ እየተከታተልኩ ነው። ለንደን 19 ዓመቴ ነው፤ በቤት ለቤት እንክብካቤ ነው የምሠራው፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምም ከአውቶቡስ ከምወርድበት ብዙ አይርቅም። በ2018 የመቅደላን 150ኛ ዓመት ምክንያት አድርገው ኤግዚቢሽን ሲከፍቱ ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ጋር ሄጄ ነበር። የሙዚየሙ ዳይሬክተር በዚያን ጊዜ ለረጅም ጊዜ በውሰት ሊሰጡ እንደሚችሉ ተናገሩ። የ1983 ሕጋቸው ንብረት አውጥቶ መስጠትን ስለሚከለክል ነው የሚሉት። ከአጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት «የራሴን ጽዋ በውሰት?» ብለው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

ዘውዱን ላላያችሁት ልንገራችሁ። ደረጃ በደረጃ ነው የሚወጣው፣ ዙሪያውን የሐዋርያትና የወንጌላውያን ምስል ተቀርጿል። ወርቁ ንጹሕ ቢጫ አይደለም፣ ብርና መዳብ ስላለበት ወደ ቀይ ያደላል። ክሩ በጣም ቀጭን ነው፣ እንደ ጥልፍ። የቀሐ ልጅ ስለ ሰምርኔስ ሰዎች የጻፈውን ሳነብ ወዲያው ያ ክር ትዝ አለኝ። የእነሱ ሥራ ነው ልል አልችልም፤ የእኛ አንጥረኛም ይህን ይችላል። እሱም ከምንትዋብ ዘመን ነው፤ ከጽዋው ጋር ለቁስቋም የተሰጠ ሳይሆን አይቀርም ብለው ጽፈውበታል።


ደላንታ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡45

እህት ለንደን ነዋሪ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ጽዋው ላይ ያለውን የግዕዝ ጽሑፍ በትርጉም ብቻ ነው የማውቀው። ፊደሉን እንዳለ ገልብጠሽ ልትጽፊልን ትችያለሽ? ፎቶ ሲሆን ያንጸባርቃል፣ አይነበብም።


ጡረተኛው መምህር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡00

ልጄ፣ ይህን ብታደርጊልን ኅዳር 6 ለቁስቋም ዓመታዊ በዓል እዚሁ ደብሩ ላይ ላሉት አለቃ እሰጣቸዋለሁ። ጽሑፉ ለዚያ ቤት የተጻፈ ነው።


ለንደን ነዋሪ
እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡30

ትናንት ከሥራ ወጥቼ ሄድኩ። ደብተርና እርሳስ ይዤ ከሣጥኑ ፊት ቆምኩ። ከፊት ያለውን ገለበጥኩ፣ ነገር ግን ጽሑፉ ዙሪያውን ስለሚሄድ ከኋላ ያለውን ማየት አልቻልኩም። ጎንበስ ብዬ በጎን ሞከርኩ፣ መስታወቱ የእኔን ፊት ብቻ ያሳየኛል። ጥበቃው መጥቶ ምን ፈልገሽ ነው አለኝ። የእናቴ አገር ጽሑፍ እንደሆነና ላነበው እንደምፈልግ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆሞ ጠበቀኝ፣ በኋላ «ለሚመለከታቸው ሰዎች ጻፊላቸው፤ ለሚያጠና ሰው አውጥተው ያሳያሉ» አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ከቅዳሴ በፊት ደብዳቤውን ጻፍኩ። ለምን ፈለግሽው ለሚለው ጥያቄ፣ ኅዳር 6 ቀን ጎንደር ቁስቋም ላይ ሊነበብ ነው ብዬ ሞልቻለሁ። ያገኘሁትን ግማሽ ለመምህር በውስጥ መስመር ልኬላቸዋለሁ። «ወለተ ጊዮርጊስ» የሚለው ስም ከፊት በኩል ነው፣ ጥርት ብሎ ይነበባል።


የቀሐ ልጅ
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡10

ለእህቴ ልጅ አነበብኩላት። «ጽዋው የታለ?» አለችኝ። ለንደን አልኳት። «መስታወቱስ?» ተሰብሯል አልኳት። «ቀሚሱስ?» ደቅ ደሴት አልኳት። ለጥምቀት ወደ ባሕር ዳር ስንወርድ ናርጋ ልወስዳት ቃል ገብቻለሁ። የደቅ ልጅ፣ ጀልባው ስንት ሰዓት ይነሣል?


የደቅ ልጅ
እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡25

ማልዳችሁ ወደቡ ላይ ሁኑ፤ ሰዓቱን ቀኑ ሲቀርብ ጠይቄ እነግርሃለሁ። ለልጅቷ ወፍራም ጋቢ ያዝላት፣ ጠዋት ጣና ላይ ይበርዳል። ሴቶች ናርጋ መግባት ይችላሉ፣ አትሥጋ። ሻማም ያዙ፣ ውስጡ ጨለማ ስለሆነ የቀሚሱን አበባ ያለ ሻማ አታዩትም።